የደጅ ውሻና የባለቤቱ ዕዳ

ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ የምትገኘው ጋፋት፤ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩባት ስፍራ መሆንዋን ታሪክ የተማረ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከስዊስ አገር፤ በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከክሪሾና ትምህርት ቤት የመጡት የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ከሌሎች ባለሙያዎችና ከአገሩ ልጆች ጋር ሆነው በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ሠሩ። ክብደቱም 70 ኩንታል ያህል ነበረ። ነገር ግን መድፉን ከመሥራት ይልቅ መድፉን ማድረስ የበለጠ ድካም ጠየቀ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነው። በመካከሉ ያሉት ወራት ያለቁት መንገድ ባልነበረበት ገደል መንገድ ሲጠረግና ሠራዊቱ መድፉን በገመድ ሲስብ ነው። ከዚህ የሚገኘው ምክር አጭር ነው፤ ከባድ ነገር የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሚሄድበትን መንገድ ያሰናዳ።

ይህን የመድፍ ታሪክ ወደ ውሻ ነገር ማምጣት ለአንዳንድ አንባቢ የማይመጣጠን ይመስለው ይሆናል። ሆኖም ምክሩ ለሁለቱም አንድ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎቹ ከተሞች፤ ቤት ሠርቶ አጥር ካጠረ በኋላ ግዙፍ የፈረንጅ ውሻ በደጁ ማቆም የሚመኝ ሰው አይታጣም። ቡችላው በካርቶን ሆኖ ሲመጣ እጅግ ያምራል፤ ልጆቹ ይታቀፉታል፤ ጎረቤቱም ያደንቀዋል። የቤቱ ጌታ ግን በዚያች ቀን ወደ ቤቱ ያስገባው ቡችላውን ብቻ አይደለም፤ ከቡችላው ጋር የሚመጣውን የብዙ ዓመት ዕዳ ጭምር ነው። ግዙፍ ውሻ ጌጥ አይደለም፤ ዕዳ ነው። ዕዳውም ለሦስት ወገን የሚከፈል ነው፤ ለውሻው ለራሱ፤ ለቤተ ሰቡና በደጅ ለሚያልፈው ሰው። ከሦስቱ አንዱን መክፈል የማይችል ሰው ሁለቱን ከፈልሁ ብሎ ሊመካ አይገባውም።

የኢትዮጵያ ባላገር ውሻን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። በፋርጣና በጋይንት፤ በእስቴና በጉና ግርጌ ውሻ ከእረኛ ጋር ይውላል፤ ሌሊትም ጅብ ወደ በረት እንዳይቀርብ ሲጮኽ ያድራል። ይህ የአገር ውሻ መካከለኛ ቁመት ያለው፤ ጥቂት ምግብ የሚበቃው፤ ብርዱንና ረኀቡን የለመደ ነው። ባላገሩ ስለ ውሻ አያያዝ ያለው ዕውቀትም ለዚሁ ውሻ የሚስማማ ዕውቀት ነው። ከውጭ አገር የመጡት ግዙፍ ዘሮች ግን ከዚህ የተለዩ ናቸው። በጀርመን አገር የተራባው ግሬት ዴን፤ የእንግሊዙ ማስቲፍ፤ የስዊሱ ቅዱስ በርናርድ ከ50 ኪሎ ጀምሮ እስከ 80 ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናሉ። እንዲህ ያለው ውሻ በኋላ እግሩ ቢቆም ከረጅም ሰው ይበልጣል፤ በአራት እግሩ ሲቆም ደግሞ አፉ ከሕፃን ልጅ ፊት ጋር ይተካከላል። ስለዚህ ለትንሹ ውሻ የተለመደው አያያዝ ለግዙፉ ይበቃል ማለት በፈረስ ኮርቻ ዝሆን እጭናለሁ እንደ ማለት ነው።

አስቀድሞ የአስተዳደጉን ነገር መመልከት ያስፈልጋል። የግዙፍ ውሻ ቡችላ ሲወለድ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ በታች ነው፤ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ግን 60 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። አጥንቱና መገጣጠሚያው ተሠርቶ እስኪፈጸም ድረስ ከ18 እስከ 24 ወር ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ብዙ አሳዳጊዎች ፍቅር በመሰላቸው ነገር ይስታሉ። ቶሎ ይፈርጥም ብለው ያለ ልክ ያበሉታል፤ አጥንቱ ይጠንክር ብለውም የካልሲየም ዱቄት ይጨምሩለታል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ቡችላው ከመጠን በላይ ሲፈጥን ክብደቱ ገና ባልጠነከረው አጥንት ላይ ይወድቃል፤ የዳሌውና የክርኑ መገጣጠሚያ ይጣመማል፤ ያለ ልክ የተጨመረውም ካልሲየም ጉዳቱን ያብሰዋል። በሚያዳልጥ ወለል ላይ መሮጥና ደረጃ ደጋግሞ መውጣትም እንደዚሁ ይጎዳዋል። ቡችላ በመጠን ተመግቦ፤ በአፈር ላይ እየተጫወተ፤ ቀስ ብሎ ሊያድግ ይገባዋል።

ካደገ በኋላ ደግሞ የምግቡ ብዛት ይመጣል። 60 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን የሚያስፈልገው ምግብ የአንድ ጎልማሳ ሰው ምግብ ያህል ነው። ስለዚህ ግዙፍ ውሻ ወደ ቤቱ የሚያስገባ ሰው በማዕዱ ላይ አንድ ሰው እንደ ጨመረ ሊቈጥር ይገባዋል። የወር ደመወዙን ቆጥሮ ለልጆቹ ቀለብ የሚጨነቅ ሰው ለውሻው የሚያበላው ከየት ያመጣል? ከልጆቹ አፍ ቢነጥቅ ኀጢአት ነው፤ ውሻውንም ቢያስርበው ኀጢአት ነው። እንግዲያውስ ከመጀመሪያው አለማምጣት ጥበብ ነው።

በዚህ ላይ የአገሩ ልማድ መታሰብ ይኖርበታል። በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ የሚኖሩ ምእመናን የዓመቱን እኩሌታ ያህል ይጾማሉ፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። በጾም ወራት በቤት ሥጋ አይገባም፤ አጥንት አይጣልም፤ ወተትም አይተርፍም። ጾም ግን ለሰው የተሠራ ሥርዓት እንጂ ለውሻ የታዘዘ አይደለም። ለ55 ቀን ደረቅ እንጀራ ብቻ የሚጣልለት ግዙፍ ውሻ ይከሳል፤ ይቈጣል፤ በመጨረሻም ገመዱን በጥሶ ወይም አጥሩን ዘሎ ቆሻሻ ወደሚጣልበት ቦታ ይሄዳል። እዚያም ከባለቤት አልባ ውሾች ጋር ይገናኛል። ስለዚህ አስተዋይ ባለቤት ጾሙ ሳይገባ ያስብበታል። የገብስ ወይም የበቆሎ ገንፎ፤ የተቀቀለ ምስርና ድንች ይረዳል፤ ነገር ግን ውሻ በእህል ብቻ ጤናውን ጠብቆ እንዲኖር ማድረግ ከባድ ስለ ሆነ እንቁላል ወይም ሥጋ ለውሻው በተለየ ድስት፤ ከማድ ቤቱ ውጭ ሊቀቀልለት ይቻላል። ይህን በማድረግ የማንም ጾም አይፈርስም።

ከቤት የሚተርፈው ምግብ ሁሉ ለውሻ ይሆናል የሚለው አሳብም የተሳሳተ ነው። የአገሩ ወጥ ሁሉ በሽንኩርት የሚሠራ ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ደም የሚያመነምኑ ናቸው። የተቀቀለ አጥንት በጥርሱ መካከል እንደ መርፌ ተሰንጥቆ አንጀቱን ሊወጋ ይችላል። ከሁሉም የሚከፋው ግን በግና ፍየል ሲታረድ ለውሻ የሚወረወረው የታመመ ሳንባና ጉበት ነው። በእነዚህ ብልቶች ላይ ውሃ የቋጠረ ዕብጠት አንዳንድ ጊዜ ይታያል። ውሻው ይህን ጥሬውን ቢበላ በአንጀቱ ውስጥ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ጥቃቅን የኮሶ ትል ትራባለች፤ ዕንቁላልዋም ከዐይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በጠጉሩ ላይ ይጣበቃል። ሕፃኑ ውሻውን ዳብሶ ሳይታጠብ እንጀራ ሲቈርስ ዕንቁላሉ ወደ ሆዱ ይገባል። ከዚያም በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ያው ውሃ የቋጠረ ዕብጠት ለብዙ ዓመት በስውር ያድግበታል። በጎቹ በስም በሚታወቁበት በፋርጣ አገር ይህ ነገር ተራ ወሬ ሆኖ ሊታለፍ አይገባውም። መድኀኒቱም ቀላል ነው፤ የታመመውን ብልት መቅበር ወይም ማቃጠል፤ ለውሻው በሐኪም ትእዛዝ የትል መድኀኒት መስጠት፤ ልጆችን እጅ መታጠብ ማስለመድ።

ግዙፎቹ ውሾች ትንንሾቹን ብዙ ጊዜ የማያገኝ አንድ የተለየ በሽታ አለባቸው። ደረታቸው ጥልቅ ስለ ሆነ፤ በአንድ ጊዜ ብዙ በልተው ወዲያው ቢሮጡ ሆዳቸው በነፋስ ይነፋና በራሱ ላይ ይጠመዘዛል። እንዲህ የሆነ ውሻ ሐኪም በቶሎ ካልደረሰለት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ የቀኑ ምግብ ሁለትና ሦስት ጊዜ ተከፍሎ ሊሰጠው፤ ከበላም በኋላ ሊያርፍ ይገባዋል። ዕድሜያቸውም አጭር ነው፤ ትንሽ ውሻ 12 ወይም 15 ዓመት ሲኖር ግዙፉ በ7 እና በ10 ዓመት መካከል ያረጃል፤ ይሞታልም። ሲያረጅ መነሣት ያቅተዋል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሕሙም ማንሣትም የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። በጕብዝናው ጊዜ ደጁን ያስከበረውን እንስሳ በእርጅናው ጊዜ ወደ ጎዳና ማውጣት ከሰው ልጅ ክብር ጋር የማይስማማ ነው።

እስካሁን የተነገረው ለሥጋው ነው፤ ከሥጋው ይልቅ ግን ጠባዩ ይከብዳል። ውሻ ሰውን የሚለምድበት ዋናው ጊዜ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ዐሥራ አራተኛው ሳምንት ድረስ ያለው አጭር ዘመን ነው። በዚያ ጊዜ ሕፃናትን፤ ሽማግሌዎችን፤ ነጭ ለባሽ ካህናትን፤ ሸክም የተሸከመ ሰውን፤ በትር የያዘ መንገደኛን እያየ ካደገ፤ ሲያድግ እነዚህን ሁሉ ጠላት ናቸው ብሎ አይነሣባቸውም። ብዙ ሰው ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። ክፉ ይሁን ብሎ ቡችላውን በጨለማ ይዘጋዋል፤ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ያስረዋል፤ ልጆች በድንጋይ ሲያስቈጡት እያየ ዝም ይላል። ከዚህም በኋላ የሚገኘው ጠባቂ አይደለም፤ ፈሪና ቍጡ አውሬ ነው። ጠባቂ ውሻ ወዳጅን ከጠላት ይለያል፤ በሰንሰለት ያበደ ውሻ ግን ሌባውንም፤ የባለቤቱንም ልጅ፤ ለክርስትና የመጡትንም ቄስ አንድ አድርጎ ይነክሳል። ሌሊትና ቀን የሚጮኽ ውሻም ማንንም አያነቃም፤ ጩኸቱን ሰው ሁሉ ለምዶታልና።

ግዙፍነት ራሱ ክፋት አለመሆኑን ለማስረዳት አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። በስዊስና በጣልያን ወሰን ላይ፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፤ በ11ኛው መቶ ዓመት የተመሠረተ የመነኮሳት የእንግዳ ማረፊያ አለ። ደብረ ታቦር ከዚያ ስፍራ ከፍ ያለች ናት፤ ነገር ግን በስዊሱ ተራራ ላይ በረዶው መንገደኛውን ይቀብረዋል። መነኮሳቱ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በዚያ ግዙፍ ውሾችን እያሳደጉ፤ ከመንገድ መሪዎች ጋር እየላኩ፤ በበረዶ የጠፋውን ሰው ያስፈልጉ ነበር። ከእነዚህም ባሪ የተባለው ውሻ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ከ1800 እስከ 1812 ድረስ አገልግሎ ከ40 የሚበልጡ ሰዎችን ለማዳን እንደ ረዳ ይነገርለታል፤ በ1814 ከሞተ በኋላም ገላው በበርን ከተማ በተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ተቀምጧል። የቅዱስ በርናርድ ውሻ ከማናቸውም ግዙፍ ውሻ ያነሰ ጥርስ የለውም፤ ሰው አዳኝ ያደረገው አስተዳደጉ ነው። ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። በገዳሙ የቀሩት መነኮሳት ጥቂት ሆነው የውሾቹ እንክብካቤ ከዐቅማቸው በላይ በሆነ ጊዜ፤ በ2005 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር፤ የማራባቱን ሥራ ለዚሁ ለተቋቋመ ድርጅት አሳልፈው ሰጡ። ለዘሩ ስም የሰጡት ሰዎች ዐቅማቸውን ለክተው ሲተዉ፤ አንዲት ጠባብ ግቢ ያለችው የከተማ ሰው ዐቅሙን ሳይለካ መጀመሩ እንዴት ያለ ነገር ነው?

አሁን ወደ ሦስተኛው ዕዳ ይደረሳል፤ እርሱም በደጅ ለሚያልፈው ሰው የሚከፈለው ነው። በደቡብ ጎንደር አገር ይህ ዕዳ ከሌላው አገር ይልቅ ይከብዳል። ቤተ ልሔም ለድጓ፤ ዙር አምባ ለዝማሬና ለመዋሥዕት፤ ደብረ ታቦር ለአቋቋም የታወቁ የትምህርት ቦታዎች ናቸው። ከሩቅ አገር ከአባትና ከእናታቸው ተለይተው የሚመጡት የቈሎ ተማሪዎች ደበሎ ለብሰው፤ አኮፋዳ አንግተው፤ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ በየደጁ ቁራሽ ይለምናሉ። የእነዚህ ልጆች ጠላት ረኀብ ብቻ አይደለም፤ ውሻ ነው። በእጃቸው የሚይዙት በትርም ለዚሁ ነው። ከዛሬዎቹ መምህራንና ሊቃውንት መካከል በተማሪነቱ ዘመን ውሻ ያላባረረው ቢፈለግ ጥቂት ነው።

የአገሩ ውሻ ተማሪውን ቢይዘው ደበሎውን ይቀዳል፤ ባቱንም ያቈስላል፤ በበትርም ይመለሳል። 60 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ግን አንዱን የዐሥር ዓመት ልጅ ከነበትሩ መሬት ላይ ይጥለዋል። የቡሄም ነገር እንደዚሁ ነው። የደብረ ታቦር በዓል በነሐሴ 13 ቀን ሲከበር ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፤ እየዘፈኑ፤ ሙልሙል ለመቀበል በየቤቱ ይዞራሉ። የጅራፍ ድምፅ ያልለመደ፤ ልጆች በአንድነት ሲጮኹ ያላየ ግዙፍ ውሻ በዚያች ማታ በሩ ቢከፈትለት ምን እንደሚያደርግ ማሰብ ለባለቤቱ የተተወ ነው። ከአደጋ በኋላ የሚያስብ ሰው ግን ያሰበ አይባልም።

ንክሻው ቍስል ብቻ ቢሆን በመጠኑ በተናቀ ነበር። ከቍስሉ በስተኋላ ግን የእብድ ውሻ በሽታ አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው ይህ በሽታ በየዓመቱ በዓለም ላይ ወደ 59,000 ሰዎች ይገድላል፤ ከዐሥሩም አራቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በኢትዮጵያ ደግሞ በዓመት ወደ 2,700 የሚሆኑ ሰዎች እንደሚሞቱበት ተገምቷል። በሽታው ወደ ሰው ሲገባ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ በውሻ አማካይነት ነው። መርዙ በውሻው ምራቅ ውስጥ ሆኖ በቍስሉ ይገባል፤ በጅማት በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር ይዘገያል፤ አንዳንድ ጊዜ በሳምንት፤ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በኋላ ይነሣል። ፊቱን ወይም አንገቱን የተነከሰ ሰው፤ መንገዱ ለአንጎሉ ስለሚያጥር፤ ቶሎ ይታመማል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሞት እንጂ ማምለጥ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የመዳኛው ጊዜ ከንክሻው በኋላና ከምልክቱ በፊት ያለው ጊዜ ብቻ ነው። ቍስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፤ በዚያውም ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት መጀመር ያድናል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1885 ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ካዳነ ወዲህ ይህ መንገድ ለዓለም ሁሉ ተከፍቷል። በአዲስ አበባ የሕዝብ ጤና ምርመራ የሚደረግበትን መሥሪያ ቤት ሕዝቡ እስከ ዛሬ ፓስተር እያለ የሚጠራው በዚሁ ሊቅ ስም ነው።

አሁንም የቈሎ ተማሪውን ማሰብ ይገባል። አባቱ ሩቅ ነው፤ ገንዘብ የለውም፤ የነከሰውን ውሻ ባለቤት ለመክሰስ ድፍረት የለውም፤ ነከሰኝ ብሎ ለመምህሩ ለመናገር እንኳ ያፍራል። ቍስሉ ከዳነ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ሦስት ወር ቈይቶ ውሃ ሲያይ መንቀጥቀጥ በጀመረ ጊዜ ግን የየትኛው ደጅ ውሻ እንደ ነበረ የሚያስታውስ አይገኝም። የአንድ ባለቤት ቸልተኝነት የሚከፈለው እንዲህ ባለው ልጅ ነፍስ ነው።

ሌባ በበዛበት ዘመን ቤቱን የሚጠብቅ ሰው ለምን ይወቀሳል የሚል ይኖራል። ቤትን መጠበቅ የሚያስወቅስ አይደለም፤ ውሻም ለዚህ ሥራ ከሰው ጋር ከጥንት ጀምሮ የኖረ ነው። ነገር ግን ሌባን የሚያባርረው የውሻው መንቃትና የባለቤቱ መነሣት እንጂ የውሻው ኪሎ አይደለም። ለብዙ ቤት ተከትቦ፤ ጠግቦ፤ ሰው ለምዶ ያደገ የአገር ውሻ ይበቃል። ግዙፉን ካልያዝሁ የሚል ሰው ግን አጥሩን ያጥብቅ፤ በሩን ይዝጋ፤ በበሩም ላይ ደወልና ማስጠንቀቂያ ያድርግ፤ ለማኙና ተማሪው ሳይፈራ ድምፁን የሚያሰማበትን ቦታ ይለይ።

ሕጉም ባለቤቱን አይለቀውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን ደንግጓል፤ እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆን ወይም ጉዳቱ ሊታሰብ የማይቻል ቢሆን እንኳ ባለቤቱ አያመልጥም። ይህ አሳብ ከውጭ የመጣ እንግዳ አሳብ አይደለም። በኦሪት ዘፀአት በ21ኛው ምዕራፍ፤ ተዋጊ መሆኑ የታወቀውን በሬ፤ ተነግሮት ሳለ ያልጠበቀ ባለቤት በሬው ለገደለው ሰው በራሱ ሕይወት እንዲጠየቅ ተጽፏል። በሬው አላወቀም፤ ባለቤቱ ግን ዐውቋል። ፍርዱ በዐወቀው ላይ መሆኑ የሕግ ሁሉ መሠረት ነው።

እንግዲህ ከሹማምንቱ ወገን የሚጠበቀው ሥራ ግልጽ ነው። የውሾችን ቍጥርና የባለቤቶቻቸውን ስም በየቀበሌው መመዝገብ፤ ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ በየዓመቱ መከተባቸውን መቈጣጠር፤ ያልተከተበውን ውሻ ባለቤት መቅጣት ያስፈልጋል። በከተሞች ውሻን በመርዝ የመግደል ልማድ ብዙ ጊዜ ተሞክሯል፤ በሽታውን ግን አላጠፋውም፤ በሞቱት ፈንታ ሌሎች ያልተከተቡ ይተካሉና። የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው ከመቶ ውሾች 70ውን መከተብ ነው፤ ይህን ያህል ከተከተበ በሽታው የሚሄድበትን መንገድ ያጣል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው፤ አንድ ባለቤት በተወው ቀዳዳ በሽታው ወደ መንደሩ ሁሉ ይገባልና፤ የአንዱን ቤት ጉዳይ የአንዱ ቤት ብቻ ነው ብሎ መተው የአስተዳደር ሥራ አይደለም። የክትባቱም መድኀኒት ከከተማው ሐኪም ቤት አልፎ ወደ ገጠሩ ጤና ጣቢያ ሊደርስ ይገባል፤ ተማሪው የሚነከሰው በገጠር ነውና።

ካህናቱ ደግሞ ሹማምንቱ የማይደርሱበት ቦታ ይደርሳሉ። የተነከሰ ሰው አስቀድሞ የሚሮጠው ወደ ንስሐ አባቱ ነው። ጠበል መጠመቅን የሚከለክል የለም፤ ነገር ግን ቄሱ ልጄ ሆይ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ሂድ፤ ጠበሉም ይከተላል ቢሉት የሰውየውን ነፍስ ያተርፋሉ። የአብነት መምህራንም ተማሪዎቻቸውን በየሳምንቱ ውሻ የነካችሁ አላችሁን ብለው ቢጠይቁ፤ ከኀፍረት የተነሣ ቍስሉን የሚደብቅ ልጅ አይኖርም። በዐውደ ምሕረት ላይ ስለ ውሻ መናገር ክብርን የሚቀንስ አይደለም፤ ስለ ሰው ነፍስ መናገር ነውና።

የመጽሐፉም ምስክርነት ይህንኑ ያጠናክራል። በመጽሐፈ ጦቢት፤ ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር ሲሄድ ውሻው እንደ ተከተለው ተጽፏል፤ ውሻ ለመንገደኛ ጓደኛ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ይታወቃል። በወንጌል ደግሞ አልዓዛር በባለጸጋው ደጅ ተጥሎ ሳለ ውሾች መጥተው ቍስሉን እንደ ላሱለት ይነበባል። በዚያ ደጅ የተወቀሰው ውሻው አይደለም፤ የቤቱ ጌታ ነው። ግዙፍ ውሻ በደጁ የሚያቆም ሰው ሁሉ ይህን ያስብ። ውሻው ጠግቦ፤ ተከትቦ፤ ተምሮ የሚኖር እንደ ሆነ ደጁ ለቤተ ሰቡ መጠጊያ፤ ለለማኙም ሰላም ይሆናል። የተራበ፤ የታሰረ፤ ያልተከተበ እንደ ሆነ ግን በደጁ የሚወድቀው ልጅ ደም ከውሻው እጅ አይፈለግም፤ ከባለቤቱ እጅ ይፈለጋል።